የቲቸር ሲና ሻይ

«ስትመጣ ብቻ ነው?»

«ስትመጣ ብቻ።»

«ስንት ላይ ታደርጊዋለሽ?»

«መጨረሻው ላይ ነዋ። በትንሹማ ምኑም አይነካ።»

«ውይ አማከለች! ተይ አንቺ ሴትዮ፣ ለነፍስሽ እዘኚ!»

ከዚያ ሳቅ ሆነ። እጅ በአፍ ላይ ተጭኖ የሚሳቀው ዓይነት ሳቅ።

ይህን የሰማሁት ከማድ ቤታችን ጀርባ፣ ከኩበቱ ክምር ሥር ተቀምጬ ነው። መላሿ እናቴ ናት፤ ጠያቂዋ ደግሞ በአጥር የምትዋሰነን እትዬ ገበያነሽ። ቃሉ ሁሉ እንዲህ ነበር ብዬ ልምል አልችልም፤ ዓመቱ ረዝሟል። «መጨረሻው ላይ ነዋ» ያለችበት ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ደስ ያላት ሰው ድምፅ ነበር።

ስለ ምድጃው እንደሚያወሩ ወዲያው ገባኝ። እናቴ አረቄ ሸጣ የገዛቻት የኤሌክትሪክ ምድጃ ነበረችን፤ ቁጥር የተጻፈባት መዘውሪያ አላት። ለአረቄው አታበራትም፤ አረቄው በኩበት እሳት ነው የሚወጣው። ለኔ አጃ ለማሞቅም አታበራትም። የምትበራው ቲቸር ሲና ስትመጣ ብቻ ነበር፤ ያውም መዘውሪያው መጨረሻው ላይ ደርሶ፣ ቀረፋ የገባበት ሻይ ሊጣድላት። እኔ ቀረፋውን ሳሸተው እንኳ «አስቀምጪ፣ የእንግዳ ነው» እባል ነበር።

እንግዲህ ልጅ አይደለሁ፤ ነገሩን በልጅ ሚዛን መዘንኩት። እናቴ ከኔ ይልቅ ቲቸር ሲናን ትወዳለች አልኩ።

አባቴንም ቀምታኛለች ብዬ ካሰብኩ ሰንብቼ ነበርና ይህ ሲጨመርበት ቅናቴ እንደ ጎመዘዘ እርሾ ይነፋ ጀመር።

*

አባቴ ኃይለ ኢየሱስ በሞላሌ ከተማ መምህር ነበር። ጊዜው ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በርቀት ትምህርት ዲግሪውን ሊይዝ የመጨረሻው ጽሑፍ ብቻ ቀርቶታል። ጽሑፉ በኮምፒውተር ተጽፎ በጊዜው ካልደረሰ ዓመቱ ሊያልፍበት ነው። ዲግሪ ያልያዘ መምህር ደግሞ ከከተማ ወጥቶ ራቅ ወዳለ ቆላ ሊዛወር ነው የሚል ወሬ ከግምገማ በተመለሰ ቁጥር ይዞ ይመጣል። እናቴ «ቆላ» የሚለውን ቃል ስትሰማ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ትስበው ነበር።

አዲስ አበባ ያለው አጎቴ ይህን ሰምቶ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ላከለት። ስክሪኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ትኬት ተቆርጦለት፣ አውቶቡስ ወንበር ላይ እንደ ሰው ተቀምጦ ነው የመጣው። እኔ እስከዚያ ቀን አውቶቡስ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ቅናቴ ምናልባት የጀመረው ከዚያ ይሆናል።

ኮምፒውተሩ ከመምጣቱ በፊት ከሰዓት በኋላው የኔ ነበር። አባቴ የተማሪዎቹን ደብተር ሲያርም ባለ ሦስት እግሯን ዱካ አጠገቡ አድርጌ እቀመጣለሁ። ቀዩን እስክሪብቶ እኔ ነኝ የማቀብለው። «ትሕትና፣ ይሄ ልጅ ስንት ይገባዋል?» ይለኛል፤ እኔ ገጹን ዓይቼ ቸር እሆናለሁ፤ እሱ ይስቅና የራሱን ይጽፋል።

ሲና ስትመጣ ዱካዋ ላይ ተቀመጠች። ሌላ ወንበር አልነበረንምና ማንም አልጠየቀኝም። አዲስ የተመደበች፣ ከደብረ ብርሃን የመጣች ወጣት መምህርት ናት። ጥፍሮቿ ቀይ ቀለም ተቀብተዋል፤ ቁልፎቹ ላይ ሲሮጡ በርበሬ የሚለቅም ወፍ ይመስላሉ። አባቴ በአንድ ጣት አንዱን ፊደል እስኪያገኝ እሷ መስመሩን ትጨርሳለች። ስለዚህ እሱ ያነባል፣ እሷ ትጽፋለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጸጉሬን አኝካለሁ።

ጸሎትም ጀመርኩ። ቤተ ክርስቲያኗ የምሄድ የኪዳነ ምሕረት ልጅ ነኝና ለሌላ ለማን እናገራለሁ? «ኪዳነ ምሕረት ሆይ፣ ያንን ሳጥን አጥፊልኝ» እላለሁ በሆዴ። እናንተ ሆዬ፣ ይጠፋ ነበር!

እንዲህ ነው የሚሆነው። ጉሙ ከጓሳ ተራራ በኩል ወርዶ ቤቱ ስለሚጨልም አምፖሉ በቀንም ይበራል። ሲና ተቀምጣ፣ አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ ማንበብ ይጀምራል። ጥቂት ቆይቶ አምፖሉ ይቀላል፤ የበሰለ ቲማቲም ይመስላል። ከጠረጴዛው ሥር ካለችው ስታብላይዘር ከምትባል ሣጥን «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ደግሞ «ቀጭ»። የሣጥኗ ፊት ላይ ያለችው መርፌ ትንቀጠቀጥና ወደ ግራ ትወድቃለች። ከዚያ ስክሪኑ ድርግም።

«ሄደ!» ይላል አባቴ። «ሴቭ አድርገሽው ነበር?»

«ከላይ ያለውን እንጂ ይሄን ገጽ አላደረግኩትም።»

«ያ የተረገመ የሰፈር ወፍጮ መብራቱን ጎተተው! እንደገና ልንጽፈው ነው ማለት ነው?»

«ምን እናድርግ፣ ነገም እመጣለኋ።»

እኔ አማትባለሁ። ሲመለስ ደግሞ እንደገና እጸልያለሁ።

*

አሁን ደብረ ብርሃን ውስጥ የተበላሹ ኮምፒውተሮችና ስታብላይዘሮች የምጠግንባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ ፈትቼ፣ ሰምቼ፣ ገጥሜ ነው የለመድኩት። ከማየት መስማት ይቀናኛል። ደንበኛ ሲመጣ «ዝም በሉልኝ» ብዬ ጆሮዬን ከሣጥኑ ላይ አሳርፋለሁ፤ አንዳንዱ የምጸልይለት ይመስለዋል። እሱም ቢሆን አይከፋም።

እና አሁን የማውቀውን ልንገራችሁ። ኮምፒውተር ራሱ ትንሽ ትዕግሥት አለው። ኃይል የሚቀበልበት ክፍሉ ውስጥ ጥቂት ኃይል ቋጥሮ ስለሚይዝ፣ መብራት ለዓይን ጥቅሻ ያህል ቢወርድ እንዳልሰማ ሆኖ ያልፈዋል። የሚከብደው ወርዶ ሲቀር ነው። ስታብላይዘሯ ለዚያ ነው የምትቀመጠው። በሆዷ የተጠመጠመ ሽቦ አለ፤ የሚመጣው ኃይል ሲያንስ ከሽቦው ሌላ ቦታ ላይ ይዛ ከፍ ታደርገዋለች። «ቀጭ» የምትለው ያን ጊዜ ነው። ሰው ሸክም ሲከብደው ትከሻ እንደሚቀይረው ማለት ነው። ከአቅሟ በታች ከወረደ ግን ትተወዋለች፤ ጨርሳ ትዘጋለች። መብራቱ ቢመለስም ወዲያው አትከፍትም፤ እስኪረጋ ትጠብቃለች። በዚያ መሐል አንዲት ቢጫ መብራት ብቻ ታበራለች።

ያች ቢጫ መብራት እስክትጠፋ ድረስ አባቴና ሲና ሥራ የላቸውም። ስለዚህ ያወራሉ። አባቴ ተማሪ ሳለ ከመሐል ሜዳ በእግሩ ሲመጣ በጓሳ ጉም ጠፍቶ፣ የሰው ቤት ነው ብሎ የበግ በረት ያንኳኳበትን ታሪክ ይነግራታል። «ማነው ቢሉኝ ተማሪ ነኝ እላለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ! በጉ ብቻ ነው የመለሰልኝ!» ሲና ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ትስቃለች። አባቴም አብሯት ይስቃል፤ እኔ ከማውቀው ሳቁ ወፍራም የሆነ፣ ከደረቱ ሥር የሚወጣ።

እናቴ ያኔ ሻዩን ይዛ ትገባለች። ስኒውን ሲና ፊት ታስቀምጣለች። «ጠጪ፣ ብርድ ነው» ትላለች። ሲና ትነሳና በሁለት እጇ ትቀበላለች። እናቴ ግን ወዲያው አትወጣም። መሐላቸው ቆማ ጠረጴዛውን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፤ የተጠረገውንም ትጠርጋለች። እኔ ይህን ሁሉ ፍቅር ነው ብዬ በር ላይ ቆሜ እመለከት ነበር።

*

ከዚያ የጋሼ ዳኜ ጉዳይ መጣ።

ጋሼ ዳኜ የእትዬ ገበያነሽ ባል ነው። የራሳችን ቆጣሪ ስላልነበረን መብራት የምናገኘው ከእሱ ቤት በአጥር ላይ በተሳበ ሽቦ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሲና ተቀምጣ፣ አባቴ ማንበብ ጀምሮ ሳለ ፒንሳ ይዞ ገባ። እትዬ ገበያነሽ ከኋላው አፏን በነጠላዋ ሸፍና ቆማለች።

«መምህር!» አለ ጋሼ ዳኜ። «ያንን ሣጥንህን ምከረው!»

«ምን ብዬ ልምከረው ጋሼ ዳኜ?»

«የሰው መብራት መጠጣት ነውር ነው ብለህ! ቴፔ ሄዶ ሄዶ እንደ ሰካራም እየተጎተተ ይዘፍናል። አምፖሌ ፍም ነው የሚመስለው። ሁልጊዜ ደግሞ በዚች በክፉ ሰዓት!»

«ወፍጮው እኮ ነው ጋሼ።»

«ወፍጮው ዛሬ ቀበቶው ተበጥሶ ቆሟል። ሄጄ አይቼ ነው የመጣሁት።»

ልክ በዚያች ቅጽበት አምፖሉ ቀላ። ከጠረጴዛው ሥር «ቀጭ» አለ።

«ይኸው!» ጋሼ ዳኜ ፒንሳውን እንደ መስቀል ከፍ አደረገው። «ቀጭ ሲል ነው የሚጠጣው! ገበያነሽ፣ ሰማሽ?»

እትዬ ገበያነሽ ጣሪያውን አየች። «እኔ ምኑን አውቄው» አለች።

«ጋሼ፣ ተገላቢጦሽ ነው» አለች ሲና። «መብራቱ ስለወረደ ነው እሷ የምትጮኸው። እሷ ስለጮኸች አይደለም የሚወርደው።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ዓይን የለኝም? ጆሮ የለኝም?»

«ቀጭ» አለ ደግሞ። መርፌዋ ወደቀች፤ ስክሪኑ ጠፋ። አባቴ ራሱን ያዘ። የጽሑፉ መላኪያ ቀን ተቃርቧል፤ አሁን ሽቦው ከተቆረጠ ሁሉ ነገር እዚያው ያበቃል። እኔ በዚያ ጊዜ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ኪዳነ ምሕረት ፒንሳ የያዘ ሰው ትልክልኛለች ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

«ቆርጬው እገላገላለሁ!» አለ ጋሼ ዳኜ።

አምፖሉ ተመልሶ ነጣ። ቤቱ በራ። ጥቂት ቆይቶ እናቴ በሩ ላይ ደረሰች፤ በእጇ የሚጨስ ሻይ ይዛለች።

ሲና ሻዩን አየች። አምፖሉን አየች። እንደገና ሻዩን አየች። ፊቷ ላይ የሆነውን ነገር በጊዜው ትርጉም አልሰጠሁትም፤ ዛሬ ግን ደንበኛ ፊት ብልሽቱን ሳገኘው እኔም እንደዚያ እንደምሆን አውቃለሁ።

ሲና ተነሥታ ስኒውን በሁለት እጇ ተቀበለች። «እጅዎን ይባርከው፣ እትዬ» አለች። ከዚያ ወደ ጋሼ ዳኜ ዞረች።

«ጋሼ፣ ጽሑፉ እስኪላክ፣ እስከ ሚካኤል ይታገሱን። ወፍጮው ካልሠራ በቀር ከዛሬ በኋላ አይወርድም።»

«በምን አወቅሽ?»

«ከወረደ ራሴ መጥቼ ሽቦውን እይዝልዎታለሁ፤ እርስዎ ይቆርጣሉ።»

ጋሼ ዳኜ ሴት ልጅ እንዲህ ስትናገረው አልለመደም። ፒንሳውን ኪሱ ከተተና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሲና ሻዩን ጨለጠችው፤ ትኩስ ስለነበር ዓይኗ እንባ ሞላ። ባዶውን ስኒ ይዛ እናቴን ተከትላ ወደ ማድ ቤት ሄደች። እኔም ተከተልኩ።

*

ማድ ቤታችን የጓሳ ሣር ክዳን ነበር፤ ስንገባ አጎንብሰን ነው። ጥጉ ላይ አረቄው ከማሰሮው ወደ ጠርሙስ ጠብ ጠብ ይላል። ምድጃዋ መደብ ላይ ተቀምጣለች፤ ገና እንደ ጋለች ነው።

እናቴ ሳትዞር «ሻዩ አነሰሽ?» አለች።

«እትዬ አማከለች፣ እኔ ሻይ አልወድም እኮ።»

«ታዲያ ለምን ትጠጪዋለሽ?»

«ስለሚሰጡኝ።»

እናቴ ኩበቱን ቆሰቆሰች። ሲና ወደ ምድጃዋ ጎንበስ ብላ መዘውሪያዋን አየች።

«ስንት ላይ ነው የሚያደርጓት?»

እናቴ የአረቄውን ጠርሙስ አስተካከለች። እኔ ግን መልሱን የማውቅ ብቸኛ ተማሪ ነበርኩና አልቻልኩም። «መጨረሻው ላይ!» አልኩ። «አንቺ ስትመጪ ብቻ ነው!»

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት ዛሬ ሳስበው እስቃለሁ፤ ያን ዕለት ግን ምስጋና መሰለኝ። ባለፈው ፋሲካ ሞላሌ ሄጄ ነገሩን ባነሳባት «ሻይ ነበር ያፈላሁት፤ ሻይ ማፍላት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ኃጢአት የሆነው?» አለችኝ። አሁንም ያችው ናት።

ሲና አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። እንጨት ስባ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ይቺ ስትበራ እዚያ ይጠፋል። እሱን ያውቁታል። ሲጠፋ የጻፍነው አብሮ ይጠፋል። የጠፋውን ሊጽፍ ነገ የሚመጣው ማነው?»

እናቴ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳበችው።

«እኔ ነኝ። ከጠፋ በኋላ ደግሞ እስኪመለስ ምን እንሠራለን? ቁጭ ብለን እናወራለን። ምድጃዋን ባያበሯት ኖሮ ሥራው አልቆ እኔ እስካሁን ቤቴ ነበርኩ።»

አረቄው ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«እኔ ነኝ እንዴ የማመጣሽ?» አለች እናቴ በመጨረሻ።

«እርስዎ ነዎት።»

እናቴ መደቡ ላይ ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ተመለከተቻቸው፤ በሌላ ሰው እጅ የምትገረም ትመስል ነበር።

«ሳቅሽ እስከዚህ ይሰማል» አለች።

ሲና ፊቷ ቀላ። «ሞላሌ ውስጥ የሚያስቀኝ ሰው የለኝም፣ እትዬ። ኪራይ ቤቴ ስገባ ብርዱ ነው እንዴት ዋልሽ የሚለኝ።»

«ያንቺስ ይሁን። ገና ልጅ ነሽ።» እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የሱ ሳቅ ነው የከበደኝ። እንደዚያ ሲስቅ ከሰማሁት ቆየሁ። ያን የበግ በረት ወሬ መጀመሪያ የነገረው ለኔ ነበር።»

የአባቴ ልብ በዚያ ወራት የት እንደነበረ እኔ አላውቅም፤ የሰውን ልብ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። እናቴ ግን የፈራችው ከንቱ ነገር ነበር ለማለት አልደፍርም። በር ላይ ቆሜ እኔም ያንኑ ሳቅ ሰምቻለሁና። ከዚያ ቤት ውስጥ የቀናሁት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሁለት ነበርን።

ሲና ተነሥታ ወጣች። ተቆጥታ የሄደች መስሎኝ ነበር። ስትመለስ ግን የኮምፒውተሩን መጻፊያ ከነሽቦው በብብቷ ይዛለች፤ ጅራቱ መሬት ላይ ይጎተታል። ከቤት የአባቴ ድምፅ ተከተላት፤ «ሲና! ወዴት ነው የምትወስጂው?»

«መጣሁ!»

ሲና መጻፊያውን በእናቴ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው። ከቦርሳዋ ትንሿን የጥፍር ቀለም ጠርሙስ አወጣች፤ እኔ ስንት ቀን በዓይኔ የተከተልኳትን። ብሩሿን ነክራ አንዱን ቁልፍ ከጥጉ፣ ሌላውን ከመሐል ቀይ ቀባቻቸው።

«ይሄ ምንድነው?» አለች እናቴ። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩ።»

«ፊደል አያስፈልግም፤ ጆሮ ነው። ምድጃዋ ብትቆምም ወፍጮው ነገ ይጠገናል፤ ያኔም መብራቱ ይወርዳል፤ እሱን ልናስቆመው አንችልም። እኔና መምህር ጽሑፉ ውስጥ ከገባን ቀጭ ሲል አንሰማም። እርስዎ ግን አረቄው ሲጎድል ከውጭ ሆነው በጠብታው ያውቁታል። እንደዚያ ነው። ሣጥኗ መጀመሪያ ቀጭ ስትል እነዚህን ሁለቱን ቀዮች ባንድ ላይ ይጫኑ። እስከዚያ የተጻፈው ይተርፋል። መብራቱ ይጥፋ፤ ጽሑፉ አይጠፋም።»

«የት ሆኜ ነው የምጫነው?»

«አጠገቡ ሆነው ነዋ። ዱካው ላይ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ከማዶ አልጋው ጫፍ ላይ ሆኜ አነባለሁ። መምህር ይጻፍ፤ በአንድ ጣቱም ቢሆን ይልመድ።»

«ዱካው የኔ ነው!» አልኩ። ማንም አልሰማኝም።

እናቴ አመልካች ጣቷን ወደ አንዱ ቀይ ቁልፍ አስጠጋች፤ ቀለሙ እንዳይነካባት ፈርታ መለሰቻት።

«እስኪደርቅ ይታገሱ» አለች ሲና።

«ቀጭ ሲል?»

«ቀጭ ሲል።»

«ሁለቱን ባንድ ላይ።»

«ባንድ ላይ።»

አረቄው ይንጠባጠባል፤ ጋሼ ዳኜ ከቤት ውስጥ ያጉረመርማል፤ አባቴ ለሦስተኛ ጊዜ «ሲና!» ብሎ ተጣራ። እናቴ ያን ጥሪ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ከዚያ መጻፊያውን ከጉልበቷ ሳታወርድ እጇን ዘርግታ የምድጃዋን ሽቦ ከግድግዳው ነቀለች።

«እሺ» አለች። «እቀመጣለሁ።»